በሁዳዴ ያልቀመስኩት ስብርባሪ

«ደረቁን ስብርባሪ እንዳለ ድብልቁ ውስጥ መልሳችሁ ጨምሩት» ይላል ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ። ጎረቤቴ ነው ያሳየኝ፤ ደስ ይለዋል ብሎ። ሰውዬው ነጭ ጓንት አጥልቋል፣ ሸሚዙ ላይ ጠብ ያለች ሲሚንቶ የለችም፣ የተሰበረ የወረቀት ብሎኬት እያነሳ ማደባለቂያው ውስጥ ይወረውራል። «ምንም ነገር አይባክንም!» ይላል ደግሞ እየሳቀ። ስልኩን ከግድግዳ ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። የሰው ንብረት ሆነብኝ እንጂ!

«ምነው ጋሼ፣ ስህተት ነው እንዴ?» አለኝ ጎረቤቴ።

ስህተት ነው እንዴ ይለኛል! በዚህ ስህተት የአንዲት እናት ግድግዳ ፈርሷል፤ የአንድ ንጹሕ ሰው ሱቅ ሊጠፋ ነበር። ስህተቱን የሠራሁት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔው ደምሴ ነኝ። ከተነሳ አይቀር ልጻፈው ብዬ በማግስቱ ደብተር ገዛሁ።

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጡረታ ወጣሁ ስል ደብዳቤና ማኅተም ያለው እንዳይመስላችሁ። ወገቤ ነው ያሰናበተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ብሎኬት ሳወጣ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አቀናኝ። ከዚያ በኋላ ፎርማዎቼን ለሚፈልግ ሰጥቼ ቤቴ ተቀመጥኩ።

የወረቀት ብሎኬት ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ወረቀት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲርስ ተደብድቦ ገንፎ ይሆናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ጋር ይቦካና በእንጨት ፎርማ ቅርጹን ይዞ ይወጣል፣ ይደርቃል። ከድንጋይ መሠረት በላይ ከተገነባና በደንብ ከተለሰነ ቤቱ ብርድ አያስገባም። ብሎኬቱ ቀላል ስለሆነ አንድ ሰው አራቱን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ጠላቱ ውሃ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረቀኝ ይኸው ነው።

የጀመርኩት ሱሉልታ ነው። አሠሪዬ ቁመቱ ረዥም፣ ትዕግሥቱ አጭር የሆነ ሰው ነበር። በሱሉልታ ብርድ በጠዋት ወረቀት የተዘፈዘፈበት በርሜል ውስጥ ክንድ ድረስ መግባት ምን እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። ደመወዝ አንዳንዴ ይከፍላል፣ አንዳንዴ ይረሳል፤ እሱን ልተወው። እኔን የሚያቃጥለኝ የስብርባሪው ነገር ነበር። ብሎኬት ከፎርማ ሲወጣ ጠርዙ ይሸረፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲጫን ይሰበራል። ሰውዬው ያን ሁሉ ቦይ ውስጥ ያስጥለናል። ክረምት ሲመጣ ቦዩ ይደፈንና ጎርፉ ግቢያችን ይገባል። ከዚያ እኛኑ «ቦዩን ጥረጉ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ?» ብሎ ይጮህብናል። ሦስት ክረምት ጠረግሁ። በአራተኛው ጥዬለት ቡራዩ ገባሁ።

ቡራዩ ላይ ነው ሥራውን የተማርኩት። ያስተማሩኝ ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ የተጂ ሰው ናቸው፣ ያኔ ስልሳን ያለፉ። ከማተሚያ ቤት የሚወጣ የወረቀት ቁርጥራጭ እየተቀበሉ፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ አምስት ሰው ያሠሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተሸረፈ ብሎኬት አንስቼ አጥር ሥር ስወረውር አዩኝ። ሄደው አነሡት፣ አቧራውን አራገፉት፣ መጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼ ወረቀት አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«ሲሚንቶ አለው?»

«አለው።»

«የለውም!» አሉ። «ይኼ ሲሚንቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ጡረተኛ ነው። ዳግመኛ አይዝልህም። አሸዋ ነው ብለህ ቁጠረው። በአሸዋ ፋንታ ይገባል፣ በሲሚንቶ ፋንታ አይገባም። ገባህ?»

ገባኝ አልኩ። የገባኝ ግን ግማሹ ነበር።

ቀሪው ግማሽ ጥሙ ነው። የደረቀ የወረቀት ብሎኬት ውሃ ይወዳል። ሳይጠጣ ድብልቅ ውስጥ ከገባ፣ ለአዲሱ ሲሚንቶ የተሰጠውን ውሃ እሱ ይጠጣበታል። ሲሚንቶው ውሃ ካላገኘ ደግሞ አይጠነክርም፤ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከላይ ብታየው ብሎኬቱ ያማረ ነው፤ ተንኮሉ ውስጡ ነው።

ስለዚህ ኦቦ ቱሉ ስብርባሪውን በመዶሻ ጥርስ ጥርስ አሳክለው ከሰበሩ በኋላ በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ደረቅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው ደግሞ ከላይ ይርሳል እንጂ ልቡ አይርስም። ለዚህ ብለው ከወንዝ ዳር የለቀሟቸው አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሯቸው። በእነሱ ተጭኖ ያድራል። በማግስቱ ከየቅርጫቱ አንድ ፍሬ ያነሡና ለሁለት ይሰብሩታል፤ የተሰበረውን ፊት ምላሳቸው ላይ ያስነኩታል። ምላስ ላይ ከተጣበቀ ገና ጠምቶታል፤ «ሂን ዱግኔ» ይላሉ፣ አልጠጣም ማለታቸው ነው፤ ቅርጫቱ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ካልተጣበቀ «ዱጌራ!» ይላሉ፤ ጠጥቷል። ከዚያ አፋቸውን ይጉመጠመጡና ወደሚቀጥለው ቅርጫት ይሄዳሉ። በእጅ መዳሰስ አይበቃም ወይ ስላቸው፣ «እጅህ ስንት ዓመት ሲሚንቶ ነክቷል? እጅህ ደንቁሯል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን አፌ አያርፍም። ኦቦ ቱሉ ጴንጤ ስለነበሩ ሁዳዴም ሆነ ረቡዕና ዓርብ አይመለከታቸውም። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን አፋችን ደርቆ ስንውል እሳቸው ብሎኬት ይልሳሉ። «ኦቦ ቱሉ ምሳቸውን ጀመሩ! እንብላ አይሉም እንዴ?» እላለሁ፤ ሠራተኛው ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺኑ ቀልድ ደጋገምኩባቸው።

በኋላ ኦቦ ቱሉ ደከማቸውና ወደ ተጂ ተመለሱ፤ እኔም ሰበታ ላይ የራሴን ግቢ ተከራየሁ። ስንለያይ አምስቱን ድንጋዮች ሰጡኝ። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሰበታ ብቅ ይሉና በርሜሌን ገልጠው ያያሉ። ቅር ይለኝ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ተማሪ ልሆን ነው እንዴ እያልኩ።

ከዚያ አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ትሰፋለች የተባለበት የማስተር ፕላኑ ጊዜ መጣ።

እዚህ ላይ ፖለቲካ አላወራም። መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ ለምን እንደሚቆጣ ለእኔ የሚያስረዳኝ አያስፈልግም፤ ግራና ቀኜ እነሱ ናቸው። ልጁን ያጣም ቤት አለ፤ እሱን በእኔ ብስጭት ጎን ማስቀመጥ ነውር ነው። ግን የኔ ነገር እንዲህ ነበር፤ ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል ይባላል፣ ከነገ ወዲያ ስልክ የለም። አሸዋ የጫነ መኪና ተጂ ጋ ይቆማል፣ ሲሚንቶ የጫነው አዲስ አበባ ይቀራል። አንዱ ካርታ ያወጣል፣ ሌላው መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፣ እኔ መሐል ላይ ውሃ የሞላ በርሜል ይዤ ቆሜያለሁ።

በዚያ መሐል ነው እትዬ ዘይነባ የመጡት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰበታ ገበያ ሳሙናና ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ፉሪ ላይ ባላቸው የተዉላቸው ቁራሽ ቦታ አለቻቸው። ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር እዚያው አጠገብ ባለው በወንድማቸው ግቢ፣ ሸራ ጥግ ላይ ወጥረው ይኖሩ ነበር።

«ደምሴ፣ አንዲት ክፍል ብቻ» አሉኝ። «ክረምቱ ሳይገባ። ዘንድሮ ሸራው አይችለውም፤ ትንሿ ልጄ ደረቷ ይጮሃል።»

«ችግር የለም እትዬ፣ ለእኔ ይተዉት» አልኩ። ለእኔ ይተዉት!

አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ከጋሽ ንጉሤ ሱቅ በጋሪ አስመጡ። ጋሽ ንጉሤ ከሰሜን መጥተው ሰበታ ሃያ ዓመት የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን እንደ ሁሉም ነጋዴ በሩን ግማሽ ከፍተው ነበር የሚሸጡት። ጋሪው በገባ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። አሸዋ የለም። እኔ ግን ጓሮዬ የሁለት ዓመት ስብርባሪ ተከምሮልኛል። በአሸዋ ፋንታ ይገባል ብለውኝ የለም? ሰብሬ በርሜል ሞላሁ፣ በድንጋዮቼ ተጭኜው ተኛሁ።

በማግስቱ ስመጣ ድንጋዮቼ የሉም! አምስቱም የሉም። አጥሩ ተገፍቷል። ወጥቼ ባይ መንገዱ ላይ ከሌላው ድንጋይ ጋር ተደርድረዋል፤ የኔዎቹ ከሩቅ ይለያሉ፣ ጠፍጣፋ ናቸው። አገር ሙሉ ድንጋይ ሞልቶ የኔን! በዚያ ሰዓት ሄዶ የሚያነሳ ደፋር አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም።

ተመልሼ በርሜሉን ሳይ ስብርባሪው ላይ ወጥቶ ተንሳፍፏል። በእጄ ዳሰስኩት፤ ርሷል። ልቡስ? ሰብሮ ማየት ነበረብኝ፤ መቅመስ ነበረብኝ። ግን ሁዳዴ ነው፣ ገና አራት ሰዓት ነው። አራት ሠራተኞች፣ እትዬ ዘይነባ፣ ወንድማቸው፣ ሁለት ጎረቤት ቆመው ያዩኛል። «ጾመኛ ነኝ» አልኩ ለራሴ። «ደግሞ ርሷል።» እና «ጨምሩ!» አልኩ።

ብሎኬቶቹ አምረው ወጡ። ደረቁ፣ ተቆጠሩ፣ ፉሪ ወጡ፤ ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደረሰ። ከፋሲካ በፊት አንድ ዝናብ ጣለ፤ ረዥም እንኳ አልነበረም። ጠዋት ተጠርቼ ስደርስ የምሥራቁ ማዕዘን መሬት ላይ ነው። እትዬ ዘይነባ አንዱን ብሎኬት አነሡ፤ እጃቸው ላይ ተፈረካከሰና በጣቶቻቸው መሐል ፈሰሰ።

«ምንድን ነው ይኼ ደምሴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አውቄዋለሁ። ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ስብርባሪው ከውስጥ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያውን ግራጫ ዱቄት አለ። አፌ ግን ከእኔ ቀደመ።

«ሲሚንቶው ነው» አልኩ። «ያረጀ ሲሚንቶ ነው የሸጡልዎ።»

እኒህ ሴት ወደ ሸራው ዞረው ገቡ። ወንድማቸው ግን ወደ ከተማ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ሰበታ ሙሉ ወሬው ሌላ ሆኗል፤ ንጉሤ ለመበለት የሞተ ሲሚንቶ ሸጠ፣ ሆን ብሎ ነው፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው። «እነዚህ ሰዎች» የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰማሁ። ነገ ይረሱታል አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቱሉ መጡ። ግማሹን በጋሪ ግማሹን በእግራቸው፣ በሰባ ዓመታቸው። ወሬውን ከተማ ላይ ሰምተው፣ ፉሪ ወጥተው ግድግዳውን አይተው ነው ወደኔ የወረዱት። ጆንያ ይዘዋል።

«አካም ጅርታ» ብለው ሰላም አላሉኝም። «ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«ጾም ነበር ኦቦ ቱሉ።»

ያን ያህል ዓመት ስቀልድባቸው ያላዘኑት ያን ቀን አዘኑ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። እኔም እዚያው እውነቱን አገኘሁት። ጾም አልነበረም። መዋጥ የሌለበት ነገር ጾም እንደማያስገድፍ የማላውቅ ሕፃን አይደለሁም፤ ተጉመጥምጬ መትፋት እችል ነበር። ሰባት ዓመት የሳቅሁበትን ነገር ሰው ፊት ማድረግ አፍሬ ነው።

«ዛሬም ጾም ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ተነሥ፤ እንሂድ።»

«የት?»

«የት ይመስልሃል?»

ጋሽ ንጉሤ ሱቅ በር ላይ ሃያ የሚሆን ወጣት ቆሟል። የእትዬ ዘይነባ ወንድምም አለ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሰው እንዳለ ግን በስንጥቁ ይታያል። አንዱ ድንጋይ ይዟል። ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው መሐላቸው ገቡ፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ገለል አሉላቸው። ጆንያውን ፈቱና ከፈረሰው ግድግዳ ያመጡትን ብሎኬት ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ኋላ አሉ። አንድ ቃል አልረዱኝም።

ብሎኬቱን በጉልበቴ ሰበርኩት።

«እዩት» አልኩ። «ይኼ ዱቄት ሲሚንቶው ነው። ውሃ አላገኘም። ውሃውን ይኼ ስብርባሪ ጠጣበት። ስብርባሪውን በደንብ ሳላጠጣ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶው ደህና ነበር። ጋሽ ንጉሤ ምንም አላደረጉም።»

«እና ለምን ሲሚንቶው ነው አልክ?» አለኝ ድንጋይ የያዘው።

«አፍሬ።»

«አፍረህ?» አለ። ጓደኞቹን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። «አንተ ሰውዬ፣ ልታስፈጀን ነበር እኮ! ጤነኛ ነህ?» ድንጋዩን እግሬ ሥር ጣለው። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ሰደበኝ፣ ቀስ እያሉ ተበተኑ። በሩ ያን ቀን አልተከፈተም። ጋሽ ንጉሤ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ልክ ናቸው።

ከዚያ ፉሪ ወጣሁ። ወንድማቸው ቀድሞኝ ነግሯቸዋል። እትዬ ዘይነባ ሸራው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከውስጥ የትንሿ ልጅ ሳል ይሰማል።

«ግድግዳው ይሁን» አሉኝ። «ግድግዳ ይሠራል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ፣ በየሶላቴ፣ ያን ሰውዬ ስረግም ሰነበትኩ። ልጆቼን በሸራ ሥር ያስቀረ ይቅር አይባል እያልኩ። ምንም ያላደረገ ሰው! እርግማኔን ማን ይመልስልኛል ደምሴ? አንተ ትመልስልኛለህ?»

«እንደገና እሠራዋለሁ» ብቻ አልኩ። በምን እንደምሠራው አላውቅም ነበር፤ አምስቱም ኩንታል አልቋል። ይኼን የመለሱልኝ ኦቦ ቱሉ ናቸው። የተጂ ቤታቸውን ሊለስኑበት የገዙት ሦስት ኩንታል ነበራቸው። መንገዱ ፋታ ሲሰጥ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በጋሪ ጭነውት መጡ። ቤታቸው ሳይለሰን ነው የሞቱት።

የፈረሰውን ግድግዳ በሙሉ ሰበርነው። ብሎኬት የነበረው ሁሉ ስብርባሪ ሆነ፤ ሲሚንቶውም አሁን ጡረተኛ ነው። መንገድ ዳር ከተገፉት ድንጋዮች መሐል የኔን አምስቱን ፈልጌ አወጣሁ። አንዱ ወጣት «የት ትወስዳለህ?» ሲለኝ «የኔ ናቸው!» ብዬ ጮህኩበት፤ እብድ መስዬው መሰለኝ፣ ተወኝ። ስብርባሪው ሁለት ሌሊት ተጭኖ አደረ።

ድብልቁ በሚሠራበት ቀን፣ ረመዳን ገብቶ፣ እትዬ ዘይነባ ጠዋት መጡና በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ቱሉ አጥር ሥር ናቸው፤ ከቅርጫቱ ፍሬ አንስተው ሊሰብሩ ሲሉ እትዬ ዘይነባ ከለከሏቸው።

«እርስዎ ይረፉ ኦቦ። እሱ ይቅመስ» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «ያኔ ጾሙ ያንተ ነበር። ዛሬ የኔ ነው። ቅመስ።»

ሰበርኩ። ምላሴ ላይ አስነካሁት። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ያዩኛል፤ ጎረቤቱም ወጥቶ ያያል። አልተጣበቀም።

«ዱጌራ» አልኩ።

«ምላስህን አሳየኝ» አሉ።

«ምን?»

«ምላስህን። አውጣው።»

ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ምላሴን አወጣሁ። እትዬ ዘይነባ ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ፍርፋሪ እንዳልቀረበት በደንብ አዩት። ከዚያ «ጨምሩ» አሉ ለሠራተኞቹ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው ቅርጫት መጣ፤ ሰበርኩ፣ ቀመስኩ፣ አወጣሁ፣ አዩ፣ «ጨምሩ» አሉ። አምስተኛው ተጣበቀ፤ እኔ ሳልናገር «መልሱት» አሉ። አፌ ተቃጠለ፣ በየመሐሉ እጉመጠመጣለሁ፤ እሳቸው በጾም አፋቸው ደርቆ ከዱካው አልተነሡም። ወደ ሠላሳ ቅርጫት ነበር።

ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ቆርቆሮው የተመታው ክረምቱ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ የሚያስላት ልጅ አሁን እዚያው ክፍል ውስጥ ለእናቷ ሱቅ ቅመም ትመዝናለች። ለዚያ ስልክ ላይ ላለው ሰውዬ ይኼን ሁሉ ብነግረው የሚሰማኝ አይመስለኝም፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው።

የዚያን ቀን የመጨረሻው ቅርጫት የመጣው ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ነው። ሰበርኩ፣ ቀመስኩ። «ዱጌራ» ብዬ ምላሴን ላወጣ ስል እትዬ ዘይነባ የማፍጠሪያ ቴምራቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ ነበር። ቀና አላሉም።

«ጨምሩ» አሉ።